ከአበባየሆሽ እስከ ቲክቶክ፦ ተማሪዎች በሚያውቁት ነገር ዕፅዋትን እንዲያጠኑ የሚረዳ መመሪያ

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት አሳምራ ታውቃለች። ትርጉሙንም ነገረችኝ። ከክፉ ጎረቤት የተጠጋ ሰው ዕድሜ ልኩን ይቸገራል ማለት ነው አለች። ልክ ነች። «አጋም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ኧረ አላውቅም ቲቸር።» ቁልቋሉንስ? እሱንም አላየችም። ቁልቋሉ ለምን እንደሚያለቅስ ደግሞ ጠይቃ አታውቅም።

ልጅቷ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከሕንፃዎቹ አልፋ ትንሽ በእግር ብትሄድ የገበሬ አጥር ታገኛለች። አጥሩ ላይ ሁለቱም አሉ። እሷ ግን የምታውቃቸው በአፏ ብቻ ነው።

በከተማው ዳር የሚያድጉ ልጆቻችን እንዲህ ናቸው። አፋቸው በዕፅዋት የተሞላ ነው። ተረቱ፣ የበዓሉ ጭፈራ፣ የሰፈሩ ስም፣ ስልካቸው ላይ የሚያዩት ክሊፕ ሁሉ ዛፍና አበባ አለበት። እኛ ግን ሥነ ሕይወትን የምናስተምረው ይህን ሁሉ ትተን ከመጽሐፉ ትርጓሜ ጀምረን ነው። የትምህርት ቤታችንን የተፈጥሮ ክበብ ስይዝ መንገዱን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ልጆቹ የያዙትን እንሰበስባለን። ከዚያ እውነት መሆኑን ሜዳ ወጥተን እናያለን። እንዴት እንደምንሠራው ልንገራችሁ። ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን ሥራ ነው፤ መስከረም ላይ ቢጀመር ይመረጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሲባጎ፣ አራት ችካል፣ ሜትር፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ደብተርና አንድ ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ልጆቹ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ።

ሁለት ሕግ አለን፤ አንደራደርባቸውም። አንደኛ፣ ምንም ነገር ወደ አፍ አይገባም። ሁለተኛ፣ የቁልቋል ወተት የነካው እጅ ዓይን አይነካም። ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ሳማ ደግሞ ራሱ ያስተምራቸዋል፤ አንዴ የለበለበው ልጅ ቅጠሉን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። በነገራችን ላይ በደጋው የምናውቀው ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ዝርያ ነው። ይህን ስነግራቸው የተለበለቡት ልጆች ደረታቸውን ነፋ አድርገው ይሄዳሉ።

አንደኛ፦ ልጆቹ ያላቸውን ሰብስቡ

አንድ ሳምንት ስጧቸው። እያንዳንዱ ልጅ ዕፅዋት ያለበት አምስት ነገር ጽፎ ይምጣ። ከእናቱ፣ ከአያቱ፣ ከጎረቤት፣ ከስልኩ። ተረት ሊሆን ይችላል፤ የዘፈን ስንኝ፣ የበዓል ልማድ፣ የቦታ ስም፣ ወይም «ይህን ቅጠል ቀቅላችሁ ጠጡ» የሚል ቪዲዮ። ማን እንደነገራቸውም ይጻፉ። ይህች «ማን ነገረህ?» የምትል ዓምድ ትንሽ ትመስላለች፤ በኋላ ግን ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ልጆቹን በጣም የሚያስደንቃቸው የቦታ ስም ነው። ሾላ ገበያን ያውቃሉ፤ ሾላ ዛፍ መሆኑን ግን ልብ አላሉትም። ወይራ ሰፈር፣ ሳር ቤት። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱበት ኤጄርሳ ጎሮም ስሙ ውስጥ ወይራ አለ፤ ኤጄርሳ ወይራ ነውና። የራሷ የከተማችን ስም አበባ ነው። ካርታ ዘርግታችሁ የዕፅዋት ስም ያለባቸውን ቦታዎች አስከብቧቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ዛፉ ዛሬም እዚያ አለ? ቦታው ስሙን ሲያገኝ ዛፉ ነበረ። ስሙ ከዛፉ በላይ ከቆየ በመሀል አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ልጆቹ ታሪኩን ራሳቸው ይጀምሩታል።

ሁለተኛ፦ ከተረቱ ውስጥ ጥያቄ አውጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ሥራው አንድን አባባል በዓይን ሊታይ ወደሚችል ጥያቄ መለወጥ ነው። የአጋምና የቁልቋሉን ተረት እንውሰድ። ተረቱ ሦስት ነገር ይናገራል። ሁለቱ አብረው ይበቅላሉ። አጋም ቁልቋልን ይጎዳል። ቁልቋል ሲጎዳ ይፈሰዋል። ሦስቱንም ሄዶ ማየት ይቻላል።

ሄድን። የአጥሩ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ልጆቹ አጥርዎን ሊያዩ ነው የመጡት» አልኳቸው። «እዩ ልጄ፣ ምን ችግር አለው፤ ብቻ እሾኩ እንዳይወጋቸው» አሉ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። የአጋሙ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተደርድሯል፤ ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ንፋስ በነካው ቁጥር የቁልቋሉን ጎን ይጭረዋል። የተጫረበት ቦታ ላይ ነጭ ወተት ወርዶ ደርቋል። ከሥሩ ገና ያልደረቀ ጠብታ አለ። «ቲቸር፣ እውነትም ያለቅሳል!» አለች።

ከዚህ በኋላ ማስተማር ቀላል ነው። ወተቱ ምን ይሠራለታል? ቁስሉን ይደፍናል፤ ቅጠል በላተኛውንም ያባርራል። አጋሙ ለምን እሾህ አበዛ? ፍየልን ጠይቁ። ሁለቱ ዕፅዋት አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው፤ አንዱ በእሾህ፣ ሌላው በወተት መለሰው። ቁልቋሉም እሾህ እንዳለው የሚያይ ንቁ ልጅ አይጠፋም። አመስግኑት።

ሁለተኛው ተረት «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ነው። እኔ ይህን ተረት ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ የተናገረው ሰው መሬቱን በደንብ አይቶታል። እምቧጮ ቁጥቋጦ ነው። ደኑ በተመነጠረበት፣ አፈሩ በሳሳበት፣ ድንጋይ ባፈጠጠ ተዳፋት ላይ ተሽቀዳድሞ የሚበቅለው እሱ ነው። አድባር ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበት፣ የሚከበር ትልቅ ዛፍ። ሰው የሚያወራው ስለ ሹመት ቢሆንም ተረቱ ውስጥ አንድ የሥነ ምህዳር ትምህርት ተቀምጧል። ትልቁ ዛፍ ሲሄድ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ይተካል። ምን ተካው? ከእሱስ ቀጥሎ ምን ይመጣል? ፍየልና መጥረቢያ ባይደርስበት እምቧጮው መሀል የወይራ ችግኝ ብቅ ይል ይሆን? እነዚህን ጽፋችሁ ያዙና ውጡ።

ሦስተኛ፦ ካሬውን ዘርጉ

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ በሲባጎና በችካል ሥሩ። ልጆቹ በካሬው ውስጥ ስንት ዓይነት ዕፅዋት እንዳለ ይቁጠሩ። ስሙን ባያውቁም ችግር የለም፤ «ሀ»፣ «ለ» እያሉ ይሰይሙት። ከዚያ ባዶው አፈር ከካሬው ምን ያህሉን እንደያዘ ይገምቱ።

ቢያንስ ሦስት ቦታ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዱ ከብት የሚግጥበት ሜዳ፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይሁን። ለግቢው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። እኛ ስንጠይቅ የደብሩ አባት «ሣርም ይቆጠራል እንዴ?» ብለው ገረማቸው፤ በኋላ ግን ራሳቸው መጥተው የአሮጌውን ጥድ ታሪክ ነገሩን። በየቦታው አንድ ካሬ ብቻ አትዘርጉ። አምስት ብትዘረጉ ይሻላል፤ ቦታውን ልጆቹ «ቆንጆ ነው» ብለው እንዳይመርጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ድንጋይ ወርውረው ይለዩት። ከፊታቸው ሰው አለመኖሩን ግን እናንተ አረጋግጡ።

ባሕር ዛፉ ሥር ብዙውን ጊዜ ትንሽ ዓይነት ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ ልጆቹ ወዲያው ይፈርዳሉ። «ባሕር ዛፍ ውኃ ይጨርሳል፤ ሌላውን ይገድላል» ይላሉ። ከቤት የሰሙት ነው። ቆም አድርጓቸው። ውኃውን ይሻማል፤ እውነት ነው። ቅጠሉም የሌላውን ዘር እንዳይበቅል የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው። ግን ጥላውስ? እናቶች ለእንጀራ መጋገሪያ ቅጠሉን በየቀኑ ጠርገው ሲወስዱትስ? የከብቱ እግርስ? ስለዚህ ሁለት ዓይነት የባሕር ዛፍ ሥር ፈልጉ፤ ቅጠሉ የሚጠረግበትና የማይጠረግበት። ካሬውን በሁለቱም ዘርጉ። ልጆቹ «ምክንያቱ አንድ ላይሆን ይችላል» ብለው ሲያስቡ ያኔ ሳይንስ ጀምረዋል።

መስከረም ከሆነ አደይን አትለፏት። በአበባየሆሽ ጭፈራ ያነሷታል፤ ደመራው ላይ ይሰኳታል፤ ወንዶቹ በየቤቱ በሚያዞሩት ሥዕል ላይ ይስሏታል። መጀመሪያ ከትዝታቸው ያስሏት። ከዚያ እውነተኛዋን ስጧቸው። አንዷን በምላጭ እናንተ ለሁለት ሰንጥቁላቸው። በስልኩ ካሜራ አቅርበው ይዩ። አንድ አበባ ያሉት የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ «ቅጠሎች» እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበባ ናቸው። መሀል ላይ የታጨቁት ጥቃቅን ነገሮችም እንደዚያው፤ ዘር የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ሱፍና ኑግም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ልጆቹ ከሚያመጡት «አደይ» ግማሹ መጭ ሊሆን እንደሚችልም ጠብቁ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ በአንድ ወቅት ይፈካሉ። ቅጠሉን ያስተያዩ። የአደይ የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ሳይከፋፈል ሙሉ ሆኖ ሲዳስሱት ይሻክራል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ «አደይ ይዛችሁ ኑ» ብዬ ብቻ ለቀኳቸው። ሃያ ምናምን ልጅ እቅፍ እቅፍ ሙሉ፣ ከነሥሩ ነቅሎ መጣ። ዘሯን ሳትጥል የተነቀለች አደይ ለከርሞ የምትተካበት የላትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን ለአንድ ቡድን አንድ ዘንግ ነው፤ እሱም ተቆርጦ እንጂ ተነቅሎ አይመጣም።

ቄጤማም እንዲሁ ጥሩ ትምህርት አለው። ለበዓል ከሚጎዘጎዘው ላይ አንድ ዘንግ ወስደው በጣታቸው መሀል ያንከባሉት። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከቆረቆራቸውና ውስጡ ድፍን ከሆነ እውነተኛ ቄጤማ ነው። ክብ ሆኖ ውስጡ ክፍት ከሆነና አንጓ ካለው ሣር ነው። በገበያው ሁለቱም «ቄጤማ» ተብለው ይሸጣሉ። ከዚያ «ከየት መጣ?» በሏቸው። ቄጤማ ረግረግ ይወዳል። ረግረጉ ሲደፈንና ቤት ሲሠራበት ለበዓል የምንጎዘጉዘው ከየት ሊመጣ ነው? ይህን ጥያቄ ለሻጯ እማማ ወስደው ይጠይቁ፤ መልሱን ከመጽሐፍ አያገኙትም።

አራተኛ፦ ስም ስጡ

እያንዳንዱ ተክል በደብተሩ ላይ ሦስት ስም ይኑረው፦ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሳይንስ። ዝግባ ብርብርሳ ነው፤ ኮሶ ሄጦ ነው። በከተማው ዙሪያ የኖሩት ገበሬዎች የሚጠሩበት ስም ብዙ ጊዜ ከእኛ ይበልጥ ዝርዝር ነው። የአማርኛ ስም ደግሞ ያሳስታል። ጥድ ስንል የሐበሻውንም የፈረንጁንም ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ወፍ ይበላዋል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን ደረቅና እንጨት የሆነ ኳስ ነው፤ አገሩም ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ለገና ዛፍ ቤት የገባው የትኛው እንደነበር ልጆቹ ፎቶ አይተው ለመለየት ይሞክሩ።

ናሙናውን በጋዜጣ መሀል አድርጋችሁ ካርቶን ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ አለዚያ ይሻግታል። ቀን፣ ቦታና የሰብሳቢው ስም ከሌለበት ናሙናው ከደረቀ ቅጠል አይለይም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማስቀመጫ፣ የተገነባው በዚሁ ዘዴ ነው። በአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች መኖራቸው፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማም ሌላ አገር የማይገኝ መሆኑ የታወቀው ሰዎች እንዲህ እያደረቁ፣ እየጻፉ ስላስቀመጡ ነው። የመጓጓዣ ገንዘብ ካላችሁ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን አስጎብኟቸው።

አምስተኛ፦ ስልኩን መርምሩ

ስልክ ክፍል ውስጥ አይገባም የምትሉ መምህራን፣ ለዚህ ሥራ አንድ ቀን ፍቀዱ።

በመጀመሪያ የክሊፕ ቆጠራ። ልጆቹ ከሚወዷቸው የሙዚቃ ክሊፖች አሥሩን ይምረጡ። «የአገር ቤት ተፈጥሮ» ተብሎ የሚታየው ዛፍ ምንድን ነው? ድምፁን ዘግተው ዛፉን ብቻ ይመዝግቡ። ባሕር ዛፍ ደጋግሞ ይመጣል። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይነግረናል። አገሩ አውስትራሊያ ነው። የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ ከተማዋ እንጨት አጥታ በነበረበት ጊዜ ነው። ቶሎ አደገ፤ ከተማዋን አቆማት። ስለዚህ ልጆቹ እንዲጠሉት አልፈልግም። የእንጦጦና የየካ ተራራ ከእሱ በፊት ምን ለብሶ እንደነበር እንዲጠይቁ ግን እፈልጋለሁ። በአበባየሆሽ ግጥም ውስጥም እንጨት ሰብሮ ቤት መሥራት አለ። ያ እንጨት የምን ዛፍ ነበር?

ቀጥሎ የመድኃኒት ቪዲዮው። ልጆቹ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ተናጋሪው እንዴት አወቀ? ያልጠጡት ሰዎች ምን ሆኑ? ስንት መጠን? ይህን ስንል አያቶቻችንን እየናቅን አይደለም። የእንዶድን ታሪክ ንገሯቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚዎች ናቸው። ሌላው ሰው «እንዶድ ይገድላል» ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ቤተ ሙከራ ወስደው ፈተኑት፤ ዓመታት ሠሩበት። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የእናቶቹ ዕውቀትና ፈተናው አብረው ሄዱ። ኮሶም እንዲሁ ነው። ትል ያወርዳል፤ ልኩን ካለፈ ግን ሰው ይጎዳል። «ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ቪዲዮ እዚህ ላይ ይወድቃል።

በመጨረሻ ቁጥር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጾ ነበር። ዜናውን ሁሉም ልጅ ሰምቷል። ካልኩሌተር ስጧቸው። በሴኮንድ ስንት ይሆናል? ወደ 8 ሺህ። አንድ ሰው 20 ቢተክል ስንት ሰው ይፈልጋል? 17 ሚሊዮን ተኩል ገደማ። አገሩ ስንት ሰው አለው? ይህን የማሠራው ቁጥሩን እንዲክዱ ወይም እንዲያጨበጭቡለት ብዬ አይደለም። ቁጥርን ከፍተው ማየት እንዲለምዱ ነው። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ይመጣሉ፦ «ስንቱ ጸደቀ?»

ስድስተኛ፦ ያገኙትን ይሥሩበት

ሪፖርት ብቻ አታጽፏቸው። አንድ ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ፣ ድራማ፣ ወይም ለበዓሉ ጭፈራ አዲስ ስንኝ ይሥሩ። አንድ ሕግ ብቻ አለው። በውስጡ ራሳቸው ያዩት ወይም የቆጠሩት አንድ ነገር መኖር አለበት። አንድ ቡድን ካሬውን ራሱን ተራኪ አድርጎ ሠራው። «ባለፈው ዓመት ስድስት ጎረቤት ነበረኝ» እያለ ያወራል። ወላጆች ዝም ብለው አዳመጡ።

ሰባተኛ፦ የተከሉትን ይቁጠሩ

ችግኝ መትከል ከዚህ በፊት አልመጣም፤ ሆን ብዬ ነው። አሁን ልጆቹ የትኛው ዛፍ የት እንደሚስማማ ያውቃሉ። ለደጋችን የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ግራር አሉ። ወይራን ከዘር የሚያፈሉ ከሆነ የፍሬው ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ውስጡን ሳይጎዱ ቢሰነጥቁት ቶሎ ይበቅላል።

ሃምሳ ተክሎ ከመርሳት አሥር ተክሎ መጠበቅ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ልጅ መድቡ። ከፍየል በእሾህ እጠሩት፤ አጋም እዚህ ይጠቅማል። ከጥር ጀምሮ ደረቁ ይበረታል። ሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ፣ ዘቅዝቃችሁ ሥሩ አጠገብ ቅበሩት፤ ውኃው ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። በመስከረም፣ በጥርና በሚያዝያ ቁጠሩ። በሕይወት ያለውን ለተተከለው አካፍላችሁ በመቶ አባዙ። የደረቀውም ይመዝገብ፤ ምን እንዳደረቀው ጭምር።

ደብተሩ ላይብረሪ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የካሬዎቹን ቦታ በንድፍ ሳሉ፤ ከየትኛው ድንጋይ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፉ። መስከረም ላይ የሚመጡት ልጆች ያንኑ ቦታ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ሲባጎውን ጠቅልላችሁ ውሰዱት፤ ችካሎቹን ግን አትንቀሉ።